ጡረታው የተቃረበ ወታደርና የሐኪሞች ቦርድ

ከሞጆ ተነሥቶ በስምጥ ሸለቆው መንገድ ወደ ሐዋሳ የሚወርድ መንገደኛ፣ ቆቃን ካለፈ በኋላ መቂ ሳይደርስ ዓለም ጤና የምትባለውን ከተማ ያገኛል። የቦራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ዙሪያዋ ጤፍና በቆሎ፣ ቦሎቄም የሚዘራበት ሜዳ ሲሆን፣ ውኃ በሚገኝበት በኩል ደግሞ በሞተር እየተሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ይመረትበታል። ስሟ ከሁለት መልካም ቃላት የተገጠመ ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ የምንመለከተው ጉዳይ ከሁለቱ ቃላት የኋለኛውን፣ ማለት ጤናን፣ የሚነካ ነው፤ ይኸውም ዕድሜውን በውትድርና ያሳለፈ ሰው የጡረታው ጊዜ ሲቃረብ ጤናው ጎድሎ በሐኪሞች ቦርድ ፊት የሚቆምበት ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በአዳማም፣ በመቂም፣ በባቱም ሞልቷል፤ እንደ ዓለም ጤና ባለች አነስተኛ ከተማ ግን ሁሉም ሁሉን ስለሚያውቅ ማን በጤና እንደ ተመለሰ፣ ማንስ «ቦርድ ወጥቶ» እንደ መጣ ሳይነገር ይታወቃል።

ነገሩ ዛሬ የሚነሣበት ምክንያት ከዓመታቱ ቍጥር ይገኛል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የድንበሩ ጦርነት በተነሣ ጊዜ እጅግ ብዙ ወጣቶች ከገጠርም ከከተማም ተመዝግበው ወደ ማሠልጠኛ ገብተዋል። በ1993 ዓ.ም. የአልጀርሱ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ብዙዎቹ ሲሰናበቱ፣ የቀሩት ግን ውትድርናን የዕድሜ ልክ ሥራ አድርገው ይዘውታል። ከእነዚሁ መካከል በ1999 ዓ.ም. ወደ ሶማሊያ የዘመቱ፣ በዳርፉርና በአብዬ የተባበሩት መንግሥታትን ሰማያዊ ቆብ የደፉ፣ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት የተሰለፉ አሉ። ያን ጊዜ በ18 ዓመቱ የተመዘገበው ወጣት ዛሬ ዕድሜው 45 ዓመት አልፎታል፤ አገልግሎቱም ከ27 ዓመት በላይ ሆኗል። በሌላ ሥራ ቢሆን ገና ጎልማሳ ነው፤ በውትድርና ግን ሽማግሌ ይባላል። የወታደር የጡረታ ዕድሜ በማዕረግ የሚለያይ ሲሆን፣ ለተራው ወታደርና ለበታች ሹም ከሲቪሉ የ60 ዓመት ወሰን ቀድሞ ይደርሳል። እንግዲህ አንድ ትውልድ በሙሉ ጉልበቱ፣ ወገቡና ጆሮው የደከመበት ጊዜና የጡረታው ጊዜ ባንድነት ተገናኝተውበታል ማለት ነው።

የሐኪሞች ቦርድ የሚባለው አንድ ሐኪም ብቻውን የማይወስነውን ነገር በኅብረት የሚመረምርና የሚፈርም የሐኪሞች ጉባኤ ነው። ሕዝቡ ቦርዱን እንደ አንድ ፍርድ ቤት ያየዋል። በእውነቱ ግን የሚቀርቡለት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም አንዱ ከሌላው እጅግ የራቀ ነው። የመጀመሪያው «ይህ ሰው ሥራውን ለመቀጠል ጤናው ይፈቅድለታልን?» የሚል ነው። ይህን ሐኪም በጆሮ ማዳመጫው፣ በራጅና በምርመራ ሊመልሰው ይችላል። ሁለተኛው «ጉዳቱ ከሥራው የመጣ ነውን? ከሆነስ ከመቶ ስንት እጅ ይሆናል?» የሚል ነው። የዚህ መልስ ግን ከሰውየው አካል ላይ ብቻ አይገኝም። የወገብ አጥንቱ መጣመሙን ራጁ ያሳያል፤ የተጣመመው ከተሽከርካሪ ላይ ወድቆ ይሁን በዕድሜ ምክንያት ይሁን ራጁ አይናገርም። ይህን የሚናገረው ዶሴው ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናሳየው የምንፈልገውም ነገር ይኸው ነው፤ ቦርዱ የሚፈርድ የሚመስለው በአካል ላይ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርደው ከብዙ ዓመት በፊት በተጻፈ ወይም ሳይጻፍ በቀረ ወረቀት ላይ ነው።

ወደ ሒሳቡ ከመግባታችን በፊት ይህ መብት ከየት እንደ መጣ ጥቂት መናገር ይገባል። «ጡረታ» የሚለው ቃል ከመጦር የወጣ ነው፤ ልጅ የደከሙ ወላጆቹን እንደሚጦር መንግሥትም አገልጋዩን ይጦራል የማለት ሐሳብ አለበት። በቀድሞው ዘመን ወታደር የሚጦረው በመሬት ነበር፤ ደመወዙም ጡረታውም ማደሪያው ነበር። ከነጻነት በኋላም ለአርበኞችና ለወታደሮች የጋሻ መሬት የተሰጠው በዚሁ ልማድ ነው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ መዝመት የጀመሩት የቃኘው ሻለቃ ጦሮች ከ500 የሚበልጡ ቁስለኞች ይዘው ሲመለሱ፣ የቁስለኛን ድርሻ ከመቶ እጅ ቈጥሮ የሚያስቀምጥ ጠቅላላ የጡረታ ሕግ ገና አልነበረም። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ድንጋጌ ቁጥር 46 የወጣው በ1953 ዓ.ም. ነው። ዓመቱ ልብ ይባላል፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የክብር ዘበኛ ሠራዊት መሪዎች መንግሥት ለመገልበጥ ሞክረው ከሽፎባቸዋል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ስለሆነ፣ መሬትን በጡረታ ፈንታ መስጠት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ወታደር በእርጅናው የሚተማመነው በወር በሚከፈለው አበል ላይ ብቻ ሆነ። ስለዚህ አበሉ የሚታሰብበት መንገድ እንደ ቀላል የቢሮ ጉዳይ የሚታይ አይደለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንለፍ፤ ተማሪዎች እርሳስ ይያዙ።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 714፣ በኋላም በ2014 ዓ.ም. የተተካበት አዋጅ ቁጥር 1267 የያዙት አሠራር እንደሚከተለው ነው። አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው ለጡረታ ሲደርስ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዙ አማካይ ተይዞ ከመቶ 30 እጁ ይታሰብለታል። ከአሥር ዓመት በላይ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት ለሲቪሉ ከመቶ 1.25፣ ለወታደርና ለፖሊስ ከመቶ 1.65 ይጨመርለታል። ድምሩ ከመቶ 70 እጅ አይበልጥም። ጤናው ጎድሎ በቦርድ የወጣ ሰውም አሥር ዓመት ካገለገለ የጤና ጉድለት ጡረታ አበሉ የሚታሰበው በዚሁ መንገድ ነው። አሥር ዓመት ካልሞላው ግን የሚያገኘው አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ብቻ ነው። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ መጠኑም ከመቶ 10 ካላነሰና ከሥራ ካሰናበተው፣ ያገለገለበት ዘመን ሳይጠየቅ ከጉዳቱ በፊት በነበረው ወር ይከፈለው ከነበረው ደመወዝ ከመቶ 47 እጅ ዕድሜ ልኩን ይከፈለዋል። የአገልግሎቱ ጡረታ ከዚህ የሚበልጥ ከሆነ የሚበልጠው ይሰጠዋል፤ ሁለቱን ደርቦ አይወስድም።

ከነዚህ ቍጥሮች አንድ ነገር ይወጣል፤ በየቡና ቤቱ ሲነገር ግን አይሰማም። ወታደሩ 20 ዓመት ሲያገለግል የአገልግሎት አበሉ ከመቶ 46.5 ይሆናል፤ 21 ዓመት ሲሞላው ከመቶ 48.15 ይደርሳል። እንግዲህ ከ20 ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ የአገልግሎት ጡረታው የጉዳቱን 47 በልጦታል። የጉዳቱ አበል የሚታሰበው በጉዳቱ ጊዜ በነበረው ደመወዝ እንደ መሆኑ መጠን፣ የቆየ ቁስል ያለው ሰው ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል፤ ከአሥር ዓመት በፊት የነበረ ደመወዝ ምን ያህል እንደ ነበር ሁሉም ያስታውሰዋል። ስለዚህ ጡረታው ለተቃረበው አሮጌ ወታደር ቦርዱ «ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ነው» ቢልም «አይደለም» ቢልም የወር አበሉ ብዙ አይለወጥም። ብዙው ሰው የሚጨነቅበት ቃል ገንዘቡን የማይነካው ቃል ሆኖ ይገኛል።

ታዲያ የሚያጣው ነገር የለምን? አለ እንጂ። ለምሳሌ ያህል ከዓለም ጤና አካባቢ የወጣ፣ 28 ዓመት ያገለገለ፣ ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀረው አንድ ሻምበል ባሻ እንውሰድ። ለሒሳቡ እንዲመች የሦስት ዓመቱ አማካይ ደመወዝ 9,000 ብር ነው እንበል፤ ይህ የማዕረጉ ደመወዝ ነው ማለታችን አይደለም። ዛሬ በቦርድ ቢወጣ አበሉ ከመቶ 59.7፣ ማለት 5,373 ብር ይሆናል። ሁለቱን ዓመት ጨርሶ ቢወጣ ከመቶ 63፣ ማለት 5,670 ብር ይሆን ነበር። ልዩነቱ በወር 297 ብር ነው። «ቦርድ የወጣ ሰው ጡረታው ተቃጠለ» የሚሉ ሰዎች ይህን ሒሳብ ቢያዩ መልካም ነው፤ አልተቃጠለም፣ ጥቂት ቀንሷል። ትልቁ ጉዳት ያለው በሌላ በኩል ነው። በነዚያ ሁለት ዓመታት ሙሉ ደመወዙን ያገኝ የነበረው ሰው አሁን አበሉን ብቻ ስለሚያገኝ በየወሩ 3,627 ብር ይጎድልበታል፤ በ24 ወር 87,048 ብር ይሆናል ማለት ነው። ቀለቡ፣ ልብሱና በክፍሉ ሐኪም ቤት የሚያገኘው ሕክምናም በዚያው ቀን የሚቀሩ ናቸው። በነዚያ ሁለት ዓመታት ደመወዝ ቢጨመር ወይም ማዕረግ ቢያድግ ኖሮ አማካዩ ራሱ ከፍ ይል ነበር። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጅ ላለው ሰው ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ከዚህ ሒሳብ አንድ ክፉ ልማድ ይወለዳል፤ ይኸውም ሕመምን መደበቅ ነው። ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ወገቡን ቢያመው ለክፍሉ ሐኪም አይናገርም፤ ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ ገዝቶ እየዋጠ በሰልፍ ይቆማል። ጆሮው ቢደነቍር የጓደኛውን ከንፈር እያየ ትእዛዝ ይቀበላል። ሌሊት እየባነነ የሚነሣውማ ይህን በሽታ ነው ብሎ ለማንም አይናገረውም። ይህን የሚያደርገው ቦርድ እንዳይቀርብ ብሎ ነው፤ እስከሚችለውም ድረስ ይችላል። በመጨረሻ ግን አንድ ቀን ይወድቅና ቦርዱ ፊት ይቀርባል። ሐኪሞቹ ዶሴውን ሲገልጡ ንጹሕ ሆኖ ያገኙታል፤ በ28 ዓመት ውስጥ የተጻፈ ሕመም የለበትም። ጤነኛ ለመምሰል የደከመበት ድካም ሁሉ «ይህ ሕመም ከሥራው የመጣ አይደለም» ለሚለው ሐሳብ ምስክር ሆኖ ይቆምበታል። ሐኪሞቹን መውቀስ አይቻልም፤ በፊታቸው ያለውን ነው ያዩት። ሰውየውንም መውቀስ አስቸጋሪ ነው።

«እንግዲያው የጉዳቱ ምክንያት ለአሮጌው ወታደር የወር አበል የማይጨምር ከሆነ ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቃል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው የክብር ነው፤ «በጤና ጉድለት ተሰናበተ» እና «በግዳጅ ላይ ቈስሎ ተሰናበተ» የሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በባንክ አንድ ዓይነት ቢሆኑ በሰው ፊት አንድ አይደሉም። ሁለተኛው የዳረጎት ጉዳይ ነው። በሥራ ላይ ተጎድቶ ከሥራው ሳይሰናበት የቀጠለ ሰው፣ ጉዳቱ ከመቶ 10 ካላነሰ፣ አንድ ጊዜ የሚከፈል የጉዳት ዳረጎት አለው። አሠራሩ የደመወዙ ከመቶ 47 እጅ በ60 ተባዝቶ፣ እንደ ገና በጉዳቱ መጠን ይባዛል። ደመወዙ 6,000 ብር የነበረና ጉዳቱ ከመቶ 25 የተባለ ወታደር 42,300 ብር ያገኛል። ብዙ ወታደር ቈስሎ ታክሞ፣ «ድኛለሁ» ብሎ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ይህን አይጠይቅም። መጠየቁ እንደ ልመና ይመስለዋል፤ የሚነግረውም የለም።

የምክንያቱ ቃል በእውነት ሕይወት የሚለውጠው ግን ለሌላ ሰው ነው፤ ለአዲሱ ወታደር። አራት ዓመት ብቻ ያገለገለ፣ ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ወጣት ጤናው ጎድሎ በቦርድ ሲወጣ ምክንያቱ ከሥራው አይደለም ቢባል፣ አሥር ዓመት ስላልሞላው ዳረጎቱን ይዞ ይሄዳል፤ በዚያው ያበቃል። ምክንያቱ ከሥራው ነው ቢባል በየወሩ 2,820 ብር ዕድሜ ልኩን ያገኛል። ገና 22 ዓመቱ መሆኑን ስናስብ የአንዲቱ ቃል ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ይታያል። በሰሜኑ ጦርነት ከቈሰሉት መካከል የዚህ ዓይነት ወጣቶች ብዙ ናቸው። አሮጌው ወታደር ስለ ቦርድ ከመጠን በላይ ይፈራል፤ ወጣቱ ወታደር ግን መፍራት በሚገባው መጠን አይፈራም ብንል ከእውነት አንርቅም።

ይህች ቃል ከየት ትመጣለች? ጉዳቱ በደረሰ ዕለት ወይም በሰሞኑ ከሚሞላ ቅጽ፣ ከመስክ ሐኪም ቤት ከሚሰጥ ወረቀት፣ አዛዡ ከሚፈርመው ደብዳቤ ነው። ጦር ሜዳ ላይ ቅጽ መሙላት ለማንም የመጀመሪያ ሐሳብ አይደለም። ቁስለኛው ከግንባር ወደ መስክ ሐኪም ቤት፣ ከዚያም ወደ ሌላ ሐኪም ቤት ሲዛወር ወረቀቱ አንዳንዴ አብሮት ይሄዳል፤ አንዳንዴ ይቀራል። ክፍሉ ይበተናል፤ ከሌላ ክፍል ጋር ይቀላቀላል፤ አዛዡ ይዛወራል ወይም ይሞታል። ከአሥር ዓመት በኋላ በመዝገብ ቤት መስኮት የሚደረገውን ንግግር መገመት አያዳግትም። ጸሐፊው ከኮሌጅ የወጣ ልጅ እግር ነው፤ በትሕትና «አባቴ፣ በዶሴዎ ውስጥ ስለ ጆሮዎ የተጻፈ ነገር የለም» ይላል። ሽማግሌው ወታደርም «ልጄ፣ መድፉ ሲተኰስ እኮ ጸሐፊ አብሮን አልነበረም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ከዓለም ጤና ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ የአውቶቡስ ሒሳብ ይከፍላል፤ የሚያድርበትም ይፈልጋል።

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዮች በ1670 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ዘመን ለአካለ ስንኩላን ወታደሮች በፓሪስ አንቫሊድ የተባለው ታላቅ ሕንፃ እንዲሠራ ወስነዋል፤ ነገር ግን ሕንፃው የወረቀቱን ጥያቄ አልፈታውም። ጥያቄውን የፈታው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መጋቢት 31 ቀን 1919 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የወጣው ሕጋቸው ነው። በዚያ ሕግ ወታደሩ በአገልግሎት ላይ ሳለ ወይም ከዚያ በኋላ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የታወቀ ቁስል ወይም በሽታ ከአገልግሎቱ እንደ መጣ ይቈጠራል፤ አይደለም የሚል ከሆነ ማስረዳት ያለበት መንግሥት ነው። በሚሊዮን የሚቈጠር ቁስለኛ ከጕድጓድ ሲወጣ ከእያንዳንዱ ምስክር መጠየቅ እንደማይቻል ተረድተውት ነበር። እንግሊዞችም በ1943 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ተመሳሳይ መንገድ ይዘዋል፤ ከአገልግሎቱ ከወጣ በ7 ዓመት ውስጥ አቤቱታ ያቀረበ ወታደር የማስረዳቱ ሸክም የርሱ አልነበረም።

አሜሪካኖች ዘንድ ደግሞ የሻምበል ባሻውን ጉዳይ የሚመስል ሥርዓት አለ። በቀድሞው የጡረታ ሥርዓታቸው 20 ዓመት ያልሞላው ወታደር የአገልግሎት ጡረታ አልነበረውም፤ ጉዳቱ ከመቶ 30 ከተባለ ብቻ በጉዳት ጡረታ ይወጣል፤ ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ጊዜ ተከፍሎት ይሰናበታል። የኛ ከአሥር ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ አንዲት እርከን የሚወጡበት ደረጃ ሲሆን የነርሱ ገደል ነበር ማለት ይቻላል። ገደል ስለ ሆነም ለገደሉ አጥር ሠርተውለታል፤ በምድር ጦራቸው ከ15 እስከ 20 ዓመት ያገለገለ ሰው ቦርዱ ለሥራ ብቁ አይደለም ቢለውም ሊሠራው በሚችለው ሥራ ላይ እንዲቆይ ማመልከት ይችላል። ነገር ግን ሀብታም አገር ስለ ሆኑ ሁሉ ነገር ተስተካክሎላቸዋል ማለት አይደለም። በየካቲት 2007 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በዋልተር ሪድ ሐኪም ቤት ቁስለኞች በሻገተ ክፍል ውስጥ ሆነው የቦርድ ውሳኔ ለወራት ሲጠብቁ እንደ ነበር ገልጦ ጽፎ፣ አለቆች ከሥልጣን ወርደዋል። ከዚያ በኋላ ነው ወታደሩን ሁለት ጊዜ በሁለት መሥሪያ ቤት ይመረምሩት የነበረውን ወደ አንድ ምርመራ ማድረግ የጀመሩት።

ከነዚህ ምሳሌዎች ለኛ የሚስማማው የትኛው ነው ቢባል፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አስተያየት ሁለቱን ይመርጣል። የመጀመሪያው የፈረንሳዮቹ የማስረጃ ሕግ ነው፤ ወታደሩ ሲመዘገብ በሐኪም ተመርምሮ ጤነኛ ነው ተብሎ እንደ ገባ የታወቀ ስለሆነ፣ በጦር ሜዳ ባገለገለበት ዘመን የደረሰበት ጉድለት ከአገልግሎቱ እንደ መጣ መቍጠር በአእምሮም በሕግም የማይከብድ ነገር ነው። ዋጋው ለመንግሥት ከባድ ይሆናል የሚል መከራከሪያ መነሣቱ አይቀርም። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው ከ20 ዓመት በላይ ላገለገለው ወታደር የምክንያቱ ቃል የወር አበሉን ስለማይጨምር፣ ወጪው የሚመለከተው አጭር ዘመን ያገለገሉትን ቁስለኞች ነው። ለወታደሩ ጡረታ ፈንድ መንግሥት እንደ አሠሪ ከደመወዙ ከመቶ 25 እጅ የሚያዋጣው፣ ለሲቪሉ ከሚያዋጣው ከመቶ 11 ከእጥፍ በላይ የሆነው፣ የወታደር ሥራ አካልን የሚበላ መሆኑ አስቀድሞ ታስቦ ነው። ሁለተኛው የአሜሪካኖቹ አጥር ነው፤ ሁለት ዓመት የቀረውን ሰው በግምጃ ቤት፣ በማሠልጠኛ፣ በመዝገብ ቤት አስቀምጦ ማስጨረስ ሕመሙን እንዳይደብቅ ያደርገዋል። በየክፍሉ በአዛዦች በጎ ፈቃድ የሚደረግ ነገር ነው፤ በበጎ ፈቃድ የሚደረግ ነገር ግን አዛዡ ሲለወጥ ይለወጣል።

ውሳኔው ያልተስማማው ሰው የሚሄድበት መንገድ አለ፤ በማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደሩ ውሳኔ ላይ አቤቱታ የሚቀርብለት የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ በሕግ ተቋቍሟል። ነገር ግን ጉባኤውም ቢሆን የሚያየው ያንኑ ዶሴ ነው። ስለዚህ ወደ ይግባኝ ከመሄድ በፊት የሚጠቅመው በአገልግሎት ላይ ሳሉ ዶሴን መመርመር ነው፤ የታከሙበትን የሐኪም ቤት ወረቀት ቅጂ መያዝ፣ አብረው የነበሩ ጓዶች በሕይወት ሳሉ የምስክርነት ቃላቸውን በጽሑፍ ማስፈር ነው። በቅርቡ ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ የሚበልጡ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ የያዘው ሥራም ይኸው የወረቀት ችግር ሊገጥመው እንደሚችል አያጠራጥርም፤ ቁስለኛ ሁሉ በዶሴ የተደገፈ አይደለምና።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ብዙ ጊዜም ይረሳል። አበሉ ባለ መብቱ ሲሞት አያበቃም። ሚስት የባሏን አበል ግማሽ፣ እያንዳንዱ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከመቶ 20 እጅ በተተኪነት ያገኛሉ። የሻምበል ባሻው ሚስት በላይ ባየነው ሒሳብ 2,686 ብር ከ50 ሳንቲም በወር ይደርሳታል። የዚያ የአራት ዓመት ወታደር ሚስት ደግሞ የባሏ ጉዳት በሥራ ላይ የደረሰ ተብሎ ተጽፎ ከሆነ 1,410 ብር በወር ይደርሳታል፤ በዳረጎት የተሰናበተ ከሆነ ግን የሚተላለፍላት አበል የለም። ይህን ለመቀበል ጋብቻውና የልጆቹ ልደት በዶሴው ውስጥ መመዝገብ አለባቸው። ከጅጅጋ ወደ ሽሬ፣ ከሽሬ ወደ አብዬ ሲዘዋወር የኖረ ወታደር የመጀመሪያ ልጁን አስመዝግቦ ሦስተኛዋን ሳያስመዘግብ መቅረቱ የተለመደ ነው፤ እንዲህ ያለችው ልጅ አባቷ ከሞተ በኋላ ልጅነቷን በፍርድ ቤት እስክታረጋግጥ ድረስ ድርሻዋ ሳይከፈል ይቆያል።